የብራድኮም ጣሪያ ጥቀርሻ

ብራድኮም፣ ዴቮን
ኤፕሪል 11፣ 1976

ወንድሜ ሄድሊ፣

ኧረ ማንም አልሞተም! «ጣሪያው ተከፍቷል፤ ደብዳቤ ጠብቅ» ብዬ ቴሌግራም ብልክልህ «ማን ሞተ?» ብለህ መለስክልኝ። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፖስታ ቤት ቆሜ በደስታ እየተቻኮልኩ ነው የጻፍኩት። አባባ ደህና ነው። ሰባ ስምንት ሞላው፣ ጉልበቱ ያስቸግረዋል፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ላሞቹን ይረግማል፣ ከሰዓት ሬዲዮውን ይረግማል፣ ሲመሽ ደግሞ የሣር ክዳኑን። ናይሪና ልጆቹ ሰላም ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ የገና ካርድ ብቻ እየላክሁ ዝም በማለቴ አፈር ልብላ። ለምን አትደውይም እንዳትለኝ፤ ስልኩ ያለው አባባ ወንበር አጠገብ ነው።

አሁን ቁጭ በል። እውነቴን ነው፣ ቆመህ የምታነብ ከሆነ ቁጭ በል።

አባባ ዘንድሮ ሣሩን በሙሉ አስነሥቶ ጣሪያውን በስስ የድንጋይ ንጣፍ ሊከድነው ቆርጦ ተነሣ። ምክንያቱን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ያን መከር፣ አንተ አሥራ ዘጠኝ እኔ አሥራ አምስት ሆነን፣ የሚያፈስ ቦታ ልፈልግ ብሎ ቆጡ ላይ ሲወጣ ከአዳራሹ በላይ ያለው ሣርና ወራጅ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው አጠገብ አንድ ባልዲ ውሃ ሳያስቀምጥ ተኝቶ አያውቅም። ቆጡ ላይ መጽሐፍ ይዘህ የምትውለው አንተ ነህና «ቤተሰቤን በእንቅልፉ ልትጠብስ ነበር» ብሎ አንተን ካባረረህም በኋላ፣ እማዬ ከሞተችም በኋላ፣ ባልዲው አለ።

እንግዲህ እኛ አገር ሣር ክዳን እስከ እንጨቱ ተገፍፎ አያውቅም። አሮጌው ላይ አዲስ ይጫናል፣ እሱም ሲያረጅ ሌላ። ስለዚህ የታችኛውን ሣር አውጥቶ በቀን ብርሃን ያየ ሰው በሰፈራችን የለም። ማክሰኞ ዕለት ክዳን ሠሪው ፔርሲ ቸግ በጭስ ማውጫው በኩል ያለውን ማዕዘን መክፈት ጀመረ። ታስታውሰዋለህ፣ ያኔ አባቱን ይረዳ የነበረው ቀጭኑ፤ አሁን እንኳ ቀጭን አይደለም። ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ አንድ እቅፍ ሣር መዞ ሲያወጣ ጥቁር! እሱም ራሱ እስከ ብብቱ ጥቁር! አባባ ከታች ሆኖ «አየህልኝ ፔርሲ? አየህልኝ የልጄን ሥራ?» አለ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንተን «ልጄ» ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

የዚያኑ ቀን ሚስ ስኔል የምትባል፣ የድሮ ቤቶችን እየዞረች የምትመዘግብ ልጅ መስኮቶቻችንን ስትለካ ነበር። ጫጫታውን ሰምታ ሜትሯን ጣለችና በጉርድ ቀሚሷ መሰላሉን ወጣችው። ከዚያ እሪ አለች። ወደቀች ብዬ ስሮጥ፣ በጣሪያው ቀዳዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ አፍንጫዋ ጠቁሮ፣ ትስቃለች!

«ማነው ተቃጥሏል ያላችሁ?» አለች። «ይሄ ቃጠሎ አይደለም፣ ጥቀርሻ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ ቤታችን መጀመሪያ ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ፎቅም አልነበረውም። አዳራሹ ከመሬት እስከ ጣሪያው አናት ክፍት ነበር፣ እሳቱ ወለሉ መሐል ይነዳል፣ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ እንደሆነለት ይሾልካል። መቶ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት መቶ ዓመት እንዲያ ጨሰ። ኋላ አንዱ ጌታ የሆነ ገበሬ ያንን ትልቁን የድንጋይ ጭስ ማውጫ አሠራ፣ አዳራሹን ከመሐል በጣውላ ከፍሎ ፎቅ አወጣበት፣ ጥቁሩ ጣሪያ እላይ ተዘግቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ አዲሱን ሣር ከላይ ከላዩ ጫነበት። ሚስ ስኔል ከጥቁሩ አንዲት የስንዴ ዛላ መዝዛ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፍሬው የለም እንጂ ጢሙ እንኳ አልረገፈም! «እሳት የነካው ስንዴ ጢም ይተርፈዋል?» አለችኝ።

አየህ፣ አራት መቶ ዓመት በጭስ ማውጫ የኖረ ሰው ጥቀርሻ ምን እንደሚመስል ረስቶ ቃጠሎ ይለዋል። ቸግማ ራሱን ያዘ። «ሌላ አራት ቤት ላይ ከውስጥ አይቼዋለሁ፤ ‹ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰዎች ናቸው› እያልኩ ሳማቸው ነው የኖርኩት» አለ።

ሄድሊ! አንተ አላቃጠልከውም! ወንድምዬ፣ አላቃጠልከውም! ይሄን ስጽፍ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው።

አባባ ግን «ልጅቷ የከተማ ልጅ ናት፣ ሣር ምን ታውቃለች» ብሎ ወደ ላሞቹ ሄደ። ድንጋይ አንጣፊዎቹ ለጁን 7 ተቀጥረዋል። ያን ቀን ጥቁሩ ሣር ይወርድና ሜዳ ላይ ይነዳል፣ ያንተም ምስክር አብሮ ይነዳል። አባባ ከዚያ በፊት ማመን አለበት። ስለ ቆጡ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ፣ ትንሹንም ትልቁንም።

እህትህ ታምዚን


ጎር አጠገብ፣ ኒው ዚላንድ
ኤፕሪል 21፣ 1976

ታምዚንዬ፣

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ለጻፍሽው ጥያቄ መልሴ አዎ ነው፤ አባባ ያኔ ቆጡ ላይ ያገኘው ፒፓ የኔ ነበር። ትንባሆ ግን ከየት አባቴ አምጥቼ? አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነበር የምጠባው፣ ትልቅ ሰው ለመምሰል።

ደብዳቤሽን የበጎቹ በረት በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ቁጭ በል ያልሽውን አልሰማሁም። ከዚያ ባርኔጣዬን ወደ ሰማይ ወረወርኩት። በጎቹ በርግገው አጥር ጥሰው ወጡ፣ ውሻው እነሱን ይከተል እኔን ይንከስ ግራ ገብቶት ቆሞ ይጮሃል። ናይሪ ከቤት እየሮጠች መጥታ «ሎተሪ ወጣልህ?» አለችኝ። «አላቃጠልኩትም!» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። አስቢው እንግዲህ፤ ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር ነግሬያት አላውቅም። ያኔ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፣ ከዚያ «አንተ እዚህ ዝለል፣ እኔ በጎቹን ልሰብስብ» ብላ ሄደች።

አሁን ስሚኝ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ቆጡ ላይ መጽሐፍ ሳነብ ጭስ ማውጫውን ተደግፌ ነበር፣ ድንጋዩ ሙቅ ነዋ! ሣሩን የነካ ክንዴ ይጠቁራል፣ ጀርባዬ ግን ንጹሕ ነው። እማዬ ሸሚዜን ስታጥብ «እጅህ የከሰል ነጋዴ፣ ጀርባህ የቄስ» እያለች ትስቅብኝ አልነበር? ጣሪያው ተቃጥሎ ቢሆን ድንጋዩም ይጠቁር ነበር። ጥቁረቱ ጭስ ማውጫው ሳይሠራ የነበረ ከሆነ ግን ድንጋዩ ምንም አይነካውም! ውጪና እዪልኝ። ዛሬውኑ ውጪ። ቸግን ከዚያ ውረድ በይውና ውጪ።

ደስታዬ መሐል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ጣውላው። አባባ ያን ቀን ጆሮዬን ይዞ ከቆጡ መውጫ አጠገብ ያለውን የወለል ጣውላ አሳይቶኛል፤ መዳፍ የሚያህል ጠቁሮ ተቦርቡሮ ነበር። እሱ ጥቀርሻ አይደለም፣ እሳት ነው። እኔ ምንም እንዳልጣልኩ እምላለሁ። ግን ሃያ አምስት ዓመት ሲከሱሽ የራስሽን ትዝታ ትጠራጠሪያለሽ። «ምናልባት ያቺ ፒፓ ወድቃ ይሆን?» ስል ኖሬያለሁ። እዚህ የሠራሁት ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ሻማ አይገባም፣ ልጆቼ የልደት ኬካቸውን ደጅ ነው የሚቆርሱት። ለካ እኔም ባልዲ አለኝ።

ለአባባ በስሜ ምንም አትለምኚልኝ። በገዛ እጁ አንዲት መስመር ይጻፍልኝ፣ አንዲት ብቻ፣ እና ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ። ካልጻፈ አልመጣም። እሱ ግትር ከሆነ ልጁም የማን ልጅ ነው?

ሄድሊ


ብራድኮም
ሜይ 2፣ 1976

ሄድሊ፣

ንጹሕ ነው! ንጹሕ! ንጹሕ!

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። ጥቁሩ ሣር ጭስ ማውጫው ላይ እስኪጣበቅ ተጠግቶ ተኝቷል፣ ድንጋዩ ግን ትናንት የተጠረበ ይመስላል፤ የግንበኛው የመዶሻ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ሚስ ስኔልን ጠርቼ ሳሳያት አቅፋ ሳመችኝ። «ይሄን ማነው ያስተዋለው?» አለችኝ። «ወንድሜ» አልኳት፤ «ኒው ዚላንድ ሆኖ፣ በጀርባው!» እንግዲህ በምታስገባው ሪፖርት ውስጥ የሸሚዝህ ጀርባ አለበት ማለት ነው።

አባባን በስምህ አልለመንኩትም፤ ያየሁትን ግን ነገርኩት። ድንጋዩን ስነግረው ማንኪያውን ሾርባው ላይ አስቀመጠ። የሕንፃ ነገር ይገባዋል፣ የላም ቤቱን የገነባው እሱ ነው። «ንጹሕ ነው?» አለ። «ንጹሕ ነው አባባ።» «ከጀርባውስ?» «ከጀርባውም።»  አገጩን አሸና «ይሁን፣ ጥቀርሻው የድሮ ነው እንበል። ጣውላውስ? ጣውላውንም የድሮ ሰዎች ናቸው ያቃጠሉት? እሳት ሳይኖር ጭስ የለም» ብሎ ማንኪያውን አነሣ። ቸግ ቢለምነው፣ ሚስ ስኔል ብታስረዳው፣ ወጥቼ አላይም ብሎ ግግም አለ።

ጣውላው።

ሄድሊ፣ ይሄን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ሃያ አምስት ዓመት ከሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጣውላውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ያን ዓመት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ማንም እንዳያየኝ ብዬ አንተ በሌለህበት ሻማ ይዤ ቆጡ ላይ ወጣሁ። ሻማው ተንከባለለ። በእጄም በቀሚሴም ደብድቤ አጠፋሁት፣ ጣውላው ግን ቀረ። ከወር በኋላ አባባ «ጣሪያው በሙሉ ጠቁሯል!» እያለ ሲጮህ፣ ሳላየው ወደ ላይ የሄደ እሳት ኖሮ ነው ብዬ አመንኩ። ቤቱን ላቃጥል የነበርኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። አንተ ደረጃው ሥር ቆመህ «እኔ አይደለሁም» ስትል እኔ ኩሽና ውስጥ ድንች እልጥ ነበር፣ መላጤንም አላቆምኩም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ስል አንተ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

ሚስ ስኔል «ጥቀርሻ ነው» ስትል የፈነደቅኩት ላንተ ብቻ አልነበረም። ለራሴም ነው። ያንን ግን ባለፈው ደብዳቤ አልጻፍኩልህም፣ ፈራሁ። የፒፓውንም ጥያቄ በፖስታው ጀርባ የጻፍኩት «አዎ፣ እኔ ጥዬ ይሆናል» ብትለኝ ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ። አንተ ቤትህ ሻማ አይገባም ስትል ግን አልቻልኩም።

የፈለግኸውን በለኝ። ብቻ ዝም አትበለኝ።

ታምዚን


ጎር አጠገብ
ሜይ 14፣ 1976

ታምዚን፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀኔ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የመጀመሪያውን ብልከው ኖሮ ዳግመኛ አንጻጻፍም ነበር፤ ናይሪ ናት «ይሄን የጻፈው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነው፣ አንተ አይደለህም» ብላ ምድጃ ውስጥ የጨመረችው።

አዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ቆሽቴ አርሯል! ድንች ትልጪ ነበር! እማዬ ስትሞት ለምን እንዳልመጣሁ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ? መርከቡ አይደርስም ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። መቃብሯ አጠገብ አባባ ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ይሄን ማንም አይመልስልኝም፣ አንቺም አትችይም። ከእንግዲህ አንደግመውም፣ ግን አንድ ጊዜ መባል አለበት።

ትናንት አጥር ስጠግን ትልቋ ልጄ ምሳ አመጣችልኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የናይሪን ጥሩ ሳህን ሰብራ ዶሮ ቤት ቀብራዋለች፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷ ግን ዶሮዎቹ እንዳይናገሩባት የፈራች ይመስል ዓይኗን ትሰብራለች። አየኋትና አንቺን አየሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ታምዚን፣ አስቢው እንጂ! እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ ሁለታችንም በየፊናችን አንድ ቤት አቃጥለናል ብለን ሩብ ምዕተ ዓመት ስንጨነቅ ቤቱ ደህና ነበር! ምንም አልሆነም! መዶሻዬን ጥዬ ሣር ላይ ተንከባለልኩ፣ ልጄ ሮጣ «አባዬ አበደ» ብላ ለእናቷ ነገረች።

ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ግን የሚቀርሽን ስሚ። ለእኔ መንገርሽ አይበቃም፣ ለአባባ ንገሪው። ድንጋይ አንጣፊዎቹ ሳይመጡ፣ ፊት ለፊት፣ በአፍሽ። እኔ አልጽፍልሽም። «ያባርረኛል» ካልሽ እዚህ አልጋ አለን፣ ቆርቆሮውን ከቻልሽው።

ወንድምሽ


ብራድኮም
ጁን 8፣ 1976

ወንድምዬ፣

ነገርኩት!

እንዴት ብዬ እንደነገርኩት አትጠይቀኝ፣ አላስታውሰውም። ሰኞ ሊመጡ ቅዳሜ ነው። ምን አደረገ ትለኛለህ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወጣ። ላም ቤት ሄዶ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። በሰባ ስምንት ዓመቱ! በዚያ ጉልበቱ! ቸግ ከታች «አምብሮዝ፣ ኧረ ውረድ፣ ሬሳህን በማን ላወርድ ነው!» እያለ ይጮሃል፣ አባባ «ዝም ብለህ መሰላሉን ያዝ!» ይለዋል። በቀዳዳው ገብቶ ጫማው ብቻ ቀረ። ብዙ ቆየ። ልከተለው ስል ቸግ ክንዴን ያዘኝ።

ሲወርድ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ጥቁር ነው። እጁ ላይ ግን ለጸሎት ቤት ብቻ የሚይዘው ነጭ መሐረብ ነበር። ድንጋዩን ጠርጎበት ኖሯል። ዘርግቶ አሳየኝ፤ እንደ ነጣ ነው። ከዚያ «አንቺ» አለኝ። 

«እጅሽ ያኔ ተቃጥሎ ነበር?»

«ትንሽ» አልኩት።

«ቅቤ አድርገሽበታል?»

«ማንን ጠይቄ ላድርግ አባባ?»

ፊቱን አዞረ። ጥቁሩ ላይ እንባው ሁለት መስመር አወጣ፣ እኔ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ፣ ቸግም ድንገት መሰላሉን መመርመር ጀመረ። ከዚያማ ቁጣው መጣ፤ እስከ እራት ሰዓት ተቆጣኝ። ሄድሊ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ እያለኝ ተቆጥተውኝ አያውቁም!

ድንጋይ አንጣፊዎቹ ትናንት ሲመጡ አባባ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። «ይሄ የሣር ቤት ነው፣ የሣር ቤት ሆኖ ይቀራል» ብሎ መለሳቸው፤ ሲሳደቡም እሱ ይበልጥ ያውቅበታል። ሚስ ስኔል ጉንጩን ሳመችው፣ በእጅጌው ጠረገው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የጠረገው። ቸግ እንደ ወጉ ጥቁሩን ሳይነካ አዲሱን ከላይ ሊጭን ሥራውን ይዟል። ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ጠፍቶ ሜዳው ከወዲሁ ቡናማ ሆኗል፣ ላሞቹ ያለቅሳሉ፣ አባባ ግን ስለ ድርቁ አንድ ቃል አይተነፍስም። ገርሞኛል።

ዛሬ ጠዋት ይሄን ስጽፍ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። «ቦታ ተርፎልሻል?» አለኝ። ግማሽ ገጽ አለ አልኩት። «በቃ ስጪኝ» ብሎ ብዕሩንም ሊወስድብኝ ነው። ምን እንደሚጽፍ አላውቅም፣ ራሱ አሽጎ ራሱ ፖስታ ቤት ይወስደዋል፣ አይቼ እንዳላነብ በሩንም ይዘጋል። እየጠበቀኝ ነው። ሰላም ሁኑልኝ።

ታምዚን


ሄድሊ፣

ጥቀርሻውን አየሁት። አንተ አይደለህም። ያኔም አይደለሁም ብለኸኝ ነበር።

እናትህም እሱ አይደለም ብላኛለች። እንዴት አወቅሽ ስላት ልጄን አውቀዋለሁ አለች። እኔም ልጄን ማወቅ ነበረብኝ። ጥቁር ሣር አየሁና ሣሩን አመንኩ። ለእሷ ይሄን ልነግራት አልችልም፣ ላንተ እነግርሃለሁ።

እህትህን አትቆጣት። የሚበቃትን ያህል ተቆጥቻታለሁ።

ቸግ ሌላውን ከድኜ ስጨርስ በጭስ ማውጫው በኩል ያለውን ማዕዘን ልዝጋ ይለኛል። ልጄ መጥቶ በዓይኑ ሳያይ አይዘጋም አልኩት። አሁን ሸራ ጣል አድርገንበታል። ሸራው አሮጌ ነው። ሰማዩ እስካሁን ታግሦኛል፣ ግን አገሩን ታውቀዋለህ፣ መዝነቡ አይቀርም።

ቶሎ ና።

አባትህ
አምብሮዝ